ሦስት ጣት

«ከርቩን ልላክ ወይስ ፍላቱን?»

የአጎቴ ልጅ ከኩዌት በኢሞ ደውላ የጠየቀችኝ ይህን ነው። ሳይንት ውስጥ አጅባር ላሉት ወላጆቿ ቴሌቪዥን ልትልክ ገንዘብ አጠራቅማለች። አሠሪዎቿ ቤት ሊቀይሩ ስለሆነ ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን ፊቱ የጎበጠ 65 ኢንች ከርቭ በቅናሽ ሊለቁላት ፈቅደዋል፤ ትንሽ ብትጨምርበት ደግሞ ከሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ ፍላት ታገኛለች። ከርቩን ለዓመታት በየማለዳው አቧራውን ስትጠርግ ኖራለችና ውበቱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «ጋሼ፣ ስጠርገው እጄ ሳይነሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድልኛል» አለችኝ። ይህ አነጋገሯ ከጆሮዬ አልወጣም። ዕቃን በእጁ የሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ይናገራል። በስልክ አንዱን መርጦ መመለስ ከበደኝና ሳላይ አልነግርሽም አልኳት።

አባቷ፣ ማለትም አጎቴ፣ ግንበኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ድንጋይ ሲያስተካክሉ ስለኖሩ ወደ ማንም ቤት ሲገቡ አስቀድመው የሚያዩት ማዕዘኑን ነው። ኪሳቸው ውስጥ የግንበኛ ክር አይጠፋም። ከርቭ ቴሌቪዥን ያለበት አንድ ቤት ያውቃሉ፤ ግድግዳውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘውኝ ሄዱ።

እመቤቲቱ ቡና እየቆሉ ነበር። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ፣ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። «እትዬ፣ ልናየው ነው የመጣነው» ስላቸው ማንከሽከሻውን አስቀምጠው ተነሱና ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ገለጡት። ስክሪኑ ጠፍቶ ስለነበር ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው። ጥቁር መሆኑም ጠቀመን፤ ቅርጹን ያለ ሥዕል አየነው። ከግራ ጫፍ ጀምሮ ምንም ስብራት፣ ምንም መዝለል ሳይኖርበት ወደ ውስጥ ይሄድና ከመሐል በኋላ በዚያው ዝግታ ወደ እኛ ይመለሳል። ዙሪያውን የያዘው ቀጭን ብረትም አብሮት ይጎብጣል። የብረቱና የመስታወቱ ክፍተት የት ላይ እንደሚሰፋ ለማወቅ ጥፍሬን አስገብቼ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። የትም አይሰፋም። ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች፣ አንዱ ሲሞቅ ብዙ የሚለጠጥ፣ ሌላው ጥቂት፣ አንድን ኩርባ ተስማምተው ይዘዋል። ይህን ያደረገ እጅ ወይም ማሽን ክብር ይገባዋል።

አጎቴ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጠርዙ በኩል አዩ። ከዚያ ክራቸውን አውጥተው አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርነው። መሐሉ ላይ በክሩና በመስታወቱ መካከል ጣታቸውን አስገቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ሦስት ጣት» አሉ። በሜትር ስለካው ስድስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው። የስክሪኑ ወርድ 1 ሜትር ከ44 ነው፤ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው የክቡን እምብርት ያገኛል። አስልቼ 4 ሜትር ከ20 ገደማ አገኘሁ። ፋብሪካዎቹ 4200 ብለው ከኋላው አር የሚል ፊደል የሚጽፉት ይህንኑ ነው፦ ስክሪኑ ሬዲየሱ 4,200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ትልቅ ክብ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ነው ማለት ነው። አጎቴ ክብ ቤት ሲመሠርቱ ካስማ ተክለው በገመድ ይዞራሉና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ እኔን ያላሰብኩት ቦታ የወሰደኝን ጥያቄ ጠየቁ።

«ታጥፎ ነው ወይስ እንዲሁ ጎብጦ ፈሰሰ?»

ታጥፎ ነው። ከርቭ የተባለ የኤልሲዲ ስክሪን ሁሉ አስቀድሞ ፍላት ነበር። ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠርቶ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ተጣብቆ፣ በመጨረሻ ነው የሚጎብጠው። ስለዚህ የከርቩን ሥራ ለማድነቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከፍላቱ መጀመር አለበት፤ እኔም እዚያው ቡፌው ፊት ቆሜ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ፍላቱን እንደ ተራ ነገር ማየቴ አሳፈረኝ።

መስታወትን ጠፍጣፋ ማድረግ ቀላል ይመስላል። የመስኮት መስታወት እንኳ እንደ ልብ የሆነው እንግሊዛዊው አልስተር ፒልኪንግተን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቀለጠ መስታወትን ቲን በሚባለው የቀለጠ ብረት ላይ የማንሳፈፍ ዘዴ ካገኘ በኋላ ነው። ፈሳሽ ነገር ራሱን ያስተካክላል፤ አጎቴ ግድግዳ ላይ የሚያስቀምጡት ውሃ ልክ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለስክሪን ግን ይህም ሁልጊዜ አይበቃም፤ ብረቱን የነካው ገጽ መታረም ይፈልጋል። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራበት ሌላ መንገድ አለ። የቀለጠው መስታወት ረጅም ገንዳ ውስጥ ይሞላል፤ ሞልቶ በሁለቱም ጎን ይፈስሳል፤ ሁለቱ ፍሳሾች ገንዳው ከታች በሚሾልበት ጫፍ ላይ ተገናኝተው አንድ ሉህ ይሆኑና ቁልቁል ይወርዳሉ። ገንዳውን የነካው ገጽ ከውስጥ ተገጣጥሞ ጠፋ። ውጭ የቀሩትን ሁለት ገጾች ከአየር በቀር የነካቸው የለም። ሮለር አልዳመጣቸውም፣ ድንጋይ አልፈጋቸውም። ለቴሌቪዥን የሚሆነው ሉህ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የእጅ ጥፍር በሉት።

እንዲህ ያሉ ሁለት ሉሆች ይነባበራሉ። በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታሉ የሚገባበት ክፍተት ከሦስት እስከ አራት ማይክሮ ሜትር ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ሃያ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዱ ስንጣቂ ያህል። ይህ ክፍተት ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ፣ ሜትር ተኩል በሚጠጋ ስፋት ላይ፣ እኩል መሆን አለበት። የቤት እመቤቶች ይህን ከመሐንዲሶቹ ባልተናነሰ ያውቁታል። ምጣድ መሐሉ ላይ ትንሽ ከሰረጎደ ሊጡ እዚያ ይቋጠራል፤ እንጀራው መሐሉ ይወፍራል፣ ዳሩ ይሳሳል፣ ዓይኑም እኩል አይወጣም። በስክሪን ላይ እንዲሁ ክፍተቱ በሰፋበት ቦታ ብርሃኑ የሚያልፍበት መጠን ይለወጥና ግራጫ ሥዕል ላይ የደመና ጥላ የመሰለ ነገር ይታያል። የ4ኬ ስክሪን በወርዱ 3,840፣ በቁመቱ 2,160 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 8,294,400። እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ስለሆነ 24,883,200 ትናንሽ መስኮቶች ይሆናሉ። ከእነዚህ አንዷ ብትታወር በነጭ ሥዕል ላይ ፈልጎ የሚያገኛት ሰው አይጠፋም።

ሳይንት ውስጥ ካለችው ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ጀምሮ በዚህ ደጋ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት አሏቸው። ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ጠፍጣፋነት ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ ያውቃል። ቆዳው በራሱ ቢተው ይጨማደዳል፣ ይጠቀለላል። እርጥብ ሳለ በመወጠሪያው ላይ በየአቅጣጫው በገመድ ይሳባል፤ እየደረቀ ሲሄድ እንደገና ይወጠራል፤ ተፍቆ፣ ተለስልሶ፣ ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል። ጠፍጣፋ የምንለው ነገር ከየአቅጣጫው እኩል የተያዘ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑም ከኋላው ብረት፣ ከዙሪያው ክፈፍ ይዘውት ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው።

አሁን ያንን ማጠፍ ነው። ሁለቱ ሉሆች አብረው ሲጎብጡ በውጭ በኩል ያለው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ለዚህ 65 ኢንች ስክሪን ልዩነቱን አስልቼዋለሁ፦ ወደ 0.17 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ምንም ያልሆነ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዷ ባለ ቀለም መስኮት ወርዷ 0.125 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ሉህ ላይ ቀለሙ፣ ሌላው ሉህ ላይ መብራቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ትራንዚስተር ካለ፣ ጫፎቹ አካባቢ ቀይዋ መስኮት የጎረቤቷን ብርሃን ልትሰርቅ ትደርሳለች። ሉሆቹ እንዳይንሸራተቱ ዳር ዳሩ ሲታሸግ ደግሞ መስታወቱ ውጥረት ውስጥ ይገባል፤ የተወጠረ መስታወት ብርሃንን ያጣምማልና ጨለማ ሥዕል ላይ ጥጎቹ ይነጫሉ። ቀለሙንና ትራንዚስተሩን በአንድ ሉህ ላይ አብሮ መሥራት አንዱ መፍትሔ ነው። ከኋላ ያሉት የብርሃን ማሰራጫ ሉሆችም፣ የያዛቸው ብረትም በዚያው ልክ መጉበጥ አለባቸው። ኦሌድ በሚባለው ዓይነት ነጥቡ ራሱ ስለሚያበራ ከኋላ መብራት አያስፈልግም፤ መጎበጥም ይቀለዋል። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው 55 ኢንች ከርቭ ኦሌድ ከሳሳው ቦታ ላይ ውፍረቱ 4.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳውቅ ያ ጥቁር መስታወት በዓይኔ ከበደ። እመቤቲቱም ከፍተው ትክክል መሐሉ ፊት ባለው ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። የተራራ ሥዕል ነበር፤ ከላይ የተነሳ፣ ገደሉ ሥር ድረስ የሚያሳይ። እውነቱን እናገራለሁ፦ ደስ ይላል። ጫፎቹ ወደ እኔ ቀረብ ሲሉ ጋቢ ትከሻ ላይ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ ነገር ተሰማኝ። ሥዕሉ እኔን ብሎ የመጣ መሰለኝ። የአጎቴ ልጅ በየማለዳው እጇ ላይ የሚሰማት ልስላሴ በዓይንም እንደሚሰማ ገባኝ።

ቡናው ደረሰና ጎረቤቶች መጡ።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው ፍርዴን የለወጠው። በእኛ ቤት ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ነው የሚቀመጠው። መደቡ በአንድ ጎን፣ ሶፋው በሌላው፣ ቡና አፍይዋ በዝቅተኛ በርጩማ፣ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ እንግዳ በሩ አጠገብ። ሽማግሌ ሲገባ መሐሉን ለቅቄ ወደ ግራ ጥግ ሄድኩ። እዚያ ሆኜ ሳይ በእኔ በኩል ያለው የስክሪኑ ጫፍ ፊቱን አዙሮብኛል። ጫፉ ላይ መስታወቱ ወደ ውስጥ የዞረው 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከጎን ለተቀመጠ ሰው ያ 10 ዲግሪ ቅርቡን ጎን ያጠብበታል፣ ሩቁን ጎን ያሰፋዋል። አንድ ሰው ሲናገር ፊቱ ወደ እኔ በኩል ሲመጣ ቀጠነ፣ ወደዚያ ሲሄድ ሞላ። ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር ስቀመጥ ደግሞ ቡፌው ከፍ ያለ ስለሆነ ሽቅብ ነው የማየው፤ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው የስክሪኑ ሁለት ጫፎች ወደ ላይ የተነሱ ይመስላሉ። ዜናው ሥር የሚያልፈው የጽሑፍ መስመር እንደ ሐመልማል ሐረግ ረግቦ ታየኝ። ልጆቹ ምንም አላሉም፤ ለምደውታል። በሩ ተከፍቶ የውጭው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍም በሩ ቀጥ ያለ ሆኖ አልታየም፤ ወደ ጎን ተለጥጦ ሰፊ ነጭ ሸማ መሰለ። መስኮቷ ጠባብ በሆነች፣ ቀን ቀን በሩ ተከፍቶ በሚዋልባት የደጋ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አጎቴ በዝምታ አቦሉን ጠጥተው ቶናው ላይ ሲደርሱ ተናገሩ። «ቅስት የሚሠራው ሸክም ሲኖር ነው። የዚህ ሸክሙ ምንድን ነው?»

በዚያው ምሽት ስለዚህ ጥያቄ ብዙ አሰብኩ። ቴሌቪዥን ቀድሞም ጎባጣ ነበር፤ ያ ግን ሸክም ነበረው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር በየቤቱ የገባው ባለ ረጅም ጀርባ ዕቃ ፊቱ ወደ ውጭ ያበጠ ነበር። ውስጡ አየር የለም፤ ሥዕሉን የሚስሉት ኤሌክትሮኖች ያለ እንቅፋት እንዲበሩ ተብሎ አየሩ ተመጥጦ ወጥቷል። ውጭ ያለው አየር ግን መስታወቱን ይጫናል። የ21 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት ላይ የሚያርፈው ጫና በባሕር ጠረፍ አንድ ቶን ተኩል ሊጠጋ ምንም አይቀረውም፤ እንደ መካነ ሰላም ባለ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ እንኳ አንድ ቶን ያህል ነው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ወደ ውጭ ባይጎብጥ ይሰበር ነበር። ያ ጉብጠት ሸክም ተሸካሚ ቅስት ነው። መሐንዲሶች ቀስ በቀስ ሊያቃኑት ብዙ ደከሙ፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ትሪኒትሮን ቁመቱን ቀጥ አድርጎ ወርዱን ብቻ አጎበጠ፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ የሆነውን ለማየት ግን እስከ 1990ዎቹ መጠበቅ አስፈለገ። የሰው ልጅ ጠፍጣፋ ሥዕል ለማግኘት ያን ያህል ታግሏል።

ብዙዎቻችን ፍላት ስክሪን መጀመሪያ ያየነው ሳሎን ውስጥ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር ክፍል ውስጥ በቁልፍ ተዘግቶ የመጣው ዕቃ ነው፤ ለዚህም ነው ዛሬም ድረስ ማንኛውንም ፍላት «ፕላዝማ» የሚል ሰው የማይጠፋው። እውነተኛው ፕላዝማ ውስጡ ጋዝ የታመቀበት መስታወት ስለሆነ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ላይ የመንጫጫት ጠባይ ነበረው፤ አምራቾቹም መመሪያው ላይ የከፍታ ገደብ ይጽፉ ነበር። ለእኛ ደጋ የተሠራ አልነበረም። ኤልሲዲም ኦሌድም ይህ ችግር የለባቸውም።

ሸክም ያለው ሁለተኛው ጉብጠት ግቢው ውስጥ ነው፤ ዲሹ። ስለ ቴሌቪዥን ሲወራ ሁሉ ሰው ስክሪኑን ሲያይ እኔ ዲሹን አለማየት አልችልም። በጣሪያና በግቢ ላይ ዝናብ ሲወርድበት የሚውለው ይህ ቆርቆሮ ኩርባው በዘፈቀደ የተሠራ አይደለም። ከሳተላይቱ በቀጥታ የመጣ ጨረር የትኛውም ቦታ ላይ ቢያርፍ ተመልሶ ፊት ለፊቱ ባለችው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ፣ ላይ ይገናኛል፤ ሁሉም የተጓዘው መንገድ ርዝመቱ እኩል ነው። ሞገዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ በረዶ መትቶት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰረጉድ እንኳ ሲግናሉ መድከም ይጀምራል። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲሻገሩ በየመንደሩ የዲሽ ባለሙያ የተፈለገውም ለዚህ ነው፤ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ሲያይ የኖረው ዲሽ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሽቅብ መቅናት ነበረበት። ብሎኑን ላላ አድርጎ፣ በሪሲቨሩ ላይ ያለውን ቁጥር ለሚያነብለት ልጅ እየጮኸ፣ በፀጉር ስንጥቅ ያህል የሚያዞር ባለሙያ አይቻለሁ። ያም ሙያ ነው። ያ ኩርባ ቤቱን ሙሉ ያገለግላል።

የከርቩ ሸክም ግን አንድ ሰው ነው። እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ከፍላት ስክሪን ፊት ለፊት ሦስት ሜትር ርቄ ብቀመጥ የ65 ኢንቹ ጫፍ ከመሐሉ በ8.5 ሳንቲ ሜትር ይርቀኛል። ከርቩ ይህን ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያለች ዓይን ይህችን ልዩነት ለማየት የምትለውጠው ነገር የለም። ሲኒማ ቤት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1952 ኒው ዮርክ ላይ የታየው ሲኔራማ 146 ዲግሪ የጎበጠ ስክሪን ነበረው፤ በሦስት ፕሮጀክተር የሚሞላ። እዚያ ኩርባው ተመልካቹን ከግራና ከቀኝ ያቅፈው ነበር፤ በየጎኑ በ10 ዲግሪ የሚታቀፍ የለም። ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ላይም እንዲሁ ይገባኛል፦ አንድ ሰው ወንበሩን ስቦ በክንድ ርቀት ይቀመጣል፤ 1000 ወይም 1500 አር የሆነ ሞኒተር እምብርቱ ከሰውየው ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። ለዚያ ሰው የተሠራ ነው፤ ከዚያ ቦታም አይነሳም። ከርቭ ሞኒተር እስከ ዛሬ መኖሩ አይገርመኝም።

ሳምሰንግና ኤልጂ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ላስ ቬጋስ ላይ ከርቭ ኦሌድ ሲያሳዩ፣ በማግሥቱ ዓመትም ሁለቱም 105 ኢንች የሚሆን ከርቭ ይዘው ሲመጡ የእጅ ሙያቸው ከፍ ያለ ነበር። ኤልጂ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 አሰላለፉ ውስጥ ከርቭ ቴሌቪዥን አላስገባም፤ ሳምሰንግ ጥቂት ዓመት ቆየና ተከተለው። በሚያምር ሥራ ላይ የተጨከነ አድርጌ አላየውም። የዓለም ሳሎን ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ስለሆነ ነው። የእኛ ደግሞ ይበልጣል።

ለልጅቱ በድምፅ መልእክት የላክሁላት ምክር ከቅርጹም ያልፋል። ከጎን ለሚቀመጥ ሰው ከኩርባው ይልቅ የሚወስነው የፓኔሉ ዓይነት ነው። ቪኤ የሚባለው ጨለማውን አጥቁሮ ያሳያል፣ ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ይገረጣል፤ አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ትንሽ ይነጣል፣ ጥግ ላለው ሰው ግን ቀለሙን አይነሳውም። ኦሌድ ሁለቱንም ይችላል፤ ዋጋው ግን በወር ደመወዟ የሚደረስበት አይደለም። ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ መሐሉ ላይ አትቁሚ አልኳት፤ ባለ ሱቁ መሐል ሊያቆምሽ ይፈልጋል፣ አንቺ ግድግዳው ጥግ ድረስ ሂጂና የሰው ፊት ቀለም ይለወጥ እንደሆነ እዪ። ግራጫ ወይም ነጭ ሥዕል አስከፍቺና ደመና ፈልጊ። እግር ኳስ ክፈቱልኝ በይ፤ ካሜራው ሣሩን እየጠረገ ሲያልፍ ያልተስተካከለ ስክሪን ራሱን ያጋልጣል። በጣትሽ ጀርባ ክፈፉን ተከትለሽ ሂጂ። የምትልኪው ዕቃ መንገድ አለበት፤ ደሴ ከደረሰ በኋላ ሽቅብ ቁልቁል ነው። የጎበጠ መስታወት ካርቶኑ ሰፊ ነው፤ ጎኑን ተጭኖ የሚሄድ ነገር ቢኖር ውጥረት ላይ ያለ ነገር ነውና አይታገሥም። ባክላይቱ ቢቃጠል ደግሞ የፍላት መለዋወጫ ይገኛል፤ መሠራቱ ለቆመ ከርቭ በልኩ የተሠራ ፍለጋ ደሴም አዲስ አበባም ያደክማል። ስታቢላይዘር ግን ለሁለቱም አስፈላጊ ነው፤ መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ።

በነጋታው አጎቴ የራሳቸው ሳሎን ውስጥ ሲለኩ አገኘኋቸው። ቤቱ ጭቃ ነው፤ በዕድሜያቸው የሰው ድንጋይ ቤት ሲሠሩ የራሳቸው በማገርና በጭቃ ቀርቷል፤ ይሁን እንጂ ልስኑን የሚያይ ሰው ሲሚንቶ ነው ብሎ ይምላል። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየመቱ ድምፁን ይሰማሉ። ምሰሶው ያለበትን እየፈለጉ ነው። ጭቃው ብቻ ብሎን አይዝም፤ እንጨቱን ማግኘት አለበት። ሁለት ምሰሶ አገኙና በከሰል ምልክት አደረጉ፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ጣውላ ሊያጋድሙ፣ ከዚያ ላይ ቴሌቪዥኑን ሊሰቅሉ ነው። ፍላት ከሆነ ጀርባው ግድግዳው ላይ ተኝቶ ይቀመጣል። ከርቭ ከሆነ ግን ሁለቱ ጫፎች ሦስት ጣት ወጥተው ይቀራሉ።

ከዚያ ትናንት የነገርኳቸውን ቁጥር አስታወሱ። «አራት ሜትር ከሃያ አልክ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ክሩን ለኩና ቋጠሩት። አንዱን ጫፍ ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ግድግዳ መሐል ላይ እኔ ያዝኩ። እሳቸው ሌላውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ምንጣፉን አለፉ፣ የቡናውን ረከቦት አለፉ፣ ደፉን ተሻገሩ፣ ክሩ ተወጥሮ ሲቆም ውጭ ግቢው ላይ ነበሩ። ያ የክቡ እምብርት ነው፤ ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚታይበት አንድ ቦታ። ካስማ ተከሉበት። እዚያው ቆመው ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከቱ። ባለቤታቸው በርጩማው ላይ ነበሩ፤ ሁለት የጎረቤት ልጆች መደቡ ላይ፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ክፍት ነው፣ ማታ የሚሞላ።

ካስማውን ነቀሉ፤ ክሩን በጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ገቡ። «ፍላቱን ላኪ በላት» አሉኝ።

ማታ በኢሞ ደወልኩላት። ሰማችኝና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን አዞረችልኝ። የአሠሪዎቿ ሳሎን ነበር፤ ባዶ ግድግዳ ፊት፣ የመስኮቱ ምስል አርፎበት፣ ከርቩ ቆሟል። በሌላ እጇ ጨርቅ ይዛ ነበር። ከግራ ጫፍ ጀመረች፤ እጇ ሳይነሳ ወደ መሐል ገባ፣ ከመሐልም በዚያው ዝግታ ወጣና ቀኝ ጫፍ ላይ ቆመ።